ጭሱ የገባበት ቤት

«ቤታችሁ ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» አለ ሐኪሙ።

«የለም» አሉ ወይዘሮ ቀለመወርቅ።

ሶሲና የአጥሚቱን ፔርሙስ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። እናቷ ሁለት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የኦክስጅኑ ቱቦ የተነሳላቸው ትናንት ማታ ነው፤ የማጣበቂያው ምልክት ጉንጫቸው ላይ እንደቀላ ነው። አባቷ አቶ ወልደሥላሴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው እግርጌ ቆመዋል። በኮታቸው የደረት ኪስ ውስጥ እንደ ወፍራም እርሳስ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አለ። ሐኪሙ አላየውም። ወጣት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ይመስላል፣ ጥያቄውንም ከካርዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ነው የጠየቀው። «ከሰል፣ ዕጣን፣ እንዲህ ያለ ነገርስ?» ሲል ወይዘሮ ቀለመወርቅ ትንሽ አሰቡና «ማታ ማታ ኡንሲ አጨሳለሁ» አሉ። ኡንሲ የሶማሌ ጎረቤቶቻቸው ያስለመዷቸው፣ በስኳርና በሽቶ የሚቀመም ዕጣን ነው። የሐኪሙ ፊት በራ። «በቃ፣ እሱ ነው። ይተዉት። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣሉ፤ ግን ቤት ውስጥ ጭስ የሚባል ነገር እንዳይኖር። ሁለተኛ እንዲህ ሆነው ከመጡ መመለሱ ይከብደናል።» አቶ ወልደሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ፣ ምክሩን እንደተቀበለ የቤት አባወራ።

ሶሲና አጥሚቱን ቀዳች። እናቷ ሲጠጡ ጠበቀች፣ አፋቸውን ጠረገችላቸው፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለች።  ኮሪደሩ ላይ አባቷ ቀድመዋት ሲራመዱ «ኡንሲውን ማቆም አለባት» አሉ ዞር ሳይሉ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዳለባቸው ነግረዋት ባጃጅ ጠሩ። ሶሲና ተናዳ የሆስፒታሉ በር ላይ ቀረች። ንዴቷን ታውቀዋለች፤ አንድ ነገር እስክትሠራበት ድረስ አይለቃትም። እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ አላት።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይናገረው። አቶ ወልደሥላሴ ሲጋር ያጨሳሉ፤ ሲጋራ አይደለም፣ ቡናማውንና ወፍራሙን ሲጋር፣ ከጾም ቀናት በስተቀር በቀን አንድ። ጉምሩክ ቤት ጸሐፊ በነበሩ ጊዜ ከጅቡቲ ከሚመጡ ነጋዴዎች ነው የለመዱት። የሰበካ ጉባኤ አባል የሆነ ሰው ትንባሆ በአፉ ይዞ በከተማው አይታይም፤ ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያጨሱት በዐብዲከሪም ሆቴል ውስጠኛ ክፍል ነበር። እዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰው አይገባም። ሻሂ አለ፣ ካርታ አለ፣ እንደሳቸው ያሉ ሽማግሌዎች አሉ። ማታ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ወደ ቤት ይመጡ ነበር። ከዚያ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስ የሚከለክለው አዋጅ ወጣ፤ እየዘገየም ቢሆን ጅግጅጋ ደረሰ። ሆቴሉ ተቀጣ፣ ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ የሲጋር መተርኮሻው ተነሳ። ሶሲና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ታስተምራለች፤ አዋጁን ሰሌዳ ላይ ጽፋ አስተምራዋለች፣ ትደግፈዋለችም። ግን ከሆቴሉ የወጣው ጭስ የት እንደሄደ ተከትሎ ያየ የለም። እሷ አይታለች። አራት በአራት የሆነች መኝታ ቤት ገብቶ፣ መስኮት ተዘግቶበት፣ ከእናቷ ሳንባ ጋር መኖር ጀመረ። ኡንሲውም የመጣው ያኔ ነው፤ የሲጋሩ ሽታ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሙሚና ነው። ሙሚና ከድንበሩ ከተማ ከቶጎ ውጫሌ በኩል የሚገባ ዕቃ በሚሸጥበት መደዳ ላይ ዲራ የሚባለውን ስስ የሶማሌ ቀሚስና ሽቶ ትሸጣለች፤ ከዲራዎቹ ሥር ደግሞ አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አለ። ቆርቆሮው ውስጥ ሲጋሮቹ እንዳይደርቁ የረጠበ ስፖንጅ ታደርግበታለች። ድሮ ሲጋር የሚሸጠው አስፓልቱ ላይ ባሉት ሱቆች፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነበር። ሕጉ በፍሬ መሸጥ ከለከለ፣ በማሸጊያው ላይ የማስጠንቀቂያ ሥዕል ይኑር አለ። ከድንበሩ ማዶ የሚመጣው ካርቶን ሥዕልም ጽሑፍም የለውም። ባለሱቆቹ መስታወቱን ጠርገው በምትኩ የስልክ ቻርጀር ደረደሩበት። ሲጋሩም ከመስታወት ወደ ዲራ ሥር ወረደ፣ ዋጋው ከሰማንያ ብር ወደ አራት መቶ ወጣ።

«አበዮ፣ እህቴ ሶሲና፣ እማማ እንዴት ሆኑ?» አለች ሙሚና ከመቀመጫዋ ሳትነሳ።

«ዛሬ ይወጣሉ። ለአባቴ ሲጋር እንዳትሸጪ ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ሙሚና ሳቀች። «ለሳቸው ካልሸጥኩ ለማን ልሽጥ? ለሙሽሮች? ሙሽሮች እኮ ለፎቶ ነው የሚገዙኝ። አፋቸው ውስጥ ይከቱታል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ እሳት እንኳን ሳያስነኩት ‹መልሺልን› ብለው ይመጣሉ። ምራቅ የነካውን ማን ይገዛኛል? ከድሮዎቹ ደንበኞች ግማሹ በዋጋው ተማርሮ ተወው፣ ግማሹ ወደ ሲጋራ ዞረ። ሲጋር የሚያውቅ ሰው አባትሽ ብቻ ናቸው የቀሩኝ።»

«ቤት ውስጥ ነው የሚያጨሱት፣ ሙሚና።»

«ሆቴል መስሎኝ?»

«ከእናቴ ጋር በሚተኙበት ክፍል። መስኮት ዘግተው።»

ሙሚና የያዘችውን ዲራ ማጠፍ ተወች። ጎረቤቷ ያለችው ሽቶ ሻጭ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ውጭ ለምን አይሆንም?» አለችና መልሱን ራሷ አመጣችው። ሲጋራ ቢሆን ሰው በሩ ሥር ቆሞ ሁለት ደቂቃ ስቦ ይጥለዋል። ሲጋር ተቀምጦ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ነፋስ ካገኘው በአንድ ጎኑ ብቻ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ይመርራል፤ ጅግጅጋ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚያርፍበት ቀን የለም። «ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሲጋር አያውቁም» አለች። ቀጥላ ቆርቆሮውን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋችው። «ሰኞ ሦስት ወስደዋል። ከዛሬ በኋላ ከእኔ አያገኙም፣ ዋላሂ። ግን እዚህ መደዳ ላይ የምሸጠው እኔ ብቻ አይደለሁም። እኔ ብተው ደረቁን ይገዛሉ እንጂ አይተዉትም።»

ሶሲና ይህን ስትሰማ ወደ ዐብዲከሪም ሆቴል ሄደች። አባቷ ማጨሳቸውን ዛሬ አታስተዋቸውም፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ቦታውን ግን ማስለወጥ ትችላለች። የሆቴሉ ምድር ቤት ጭር ብሏል፤ ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሩዝ በፍየል ሥጋ ይበላሉ። በአማርኛና በሶማሊኛ የተጻፈ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ከገንዘብ ተቀባዩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ ተወልውሎም ያበራል። ዐብዲከሪም ራሱ መጥቶ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት፣ ስለ እናቷ ጠየቃት። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ሽታው መጣ። ከፎቅ ነው የሚወርደው፣ በደረጃው በኩል። ይህን ሽታ ከአባቷ ነጠላ ላይ አጥባ ታውቀዋለች።

«ላይ ምን አለ?»

«ግብዣ ነው» አለ ዐብዲከሪም ጢሙን እየነካካ። «እንግዶች ናቸው።»

«የማን እንግዶች?»

«ያው... የሁሉም።»

ተነስታ ደረጃው ሥር ሄዳ ቀና አለች። በር ገርበብ ብሏል። የቆዳ ሶፋ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ከጫማው በላይ በዝግታ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ይታያል። አንዱ በሳቅ ይንፈቀፈቃል። እዚህ ታች የሚቀመጡት ጡረተኞች ሲቀጡ፣ ሲባረሩ፣ ካርታቸውን ይዘው ሲበተኑ ሕጉ ይህን ደረጃ አልወጣም ማለት ነው። ታች ሻሂ ለሚጠጣ ይሠራል፣ ላይ ግብዣ ለሚጋበዝ አይሠራም። ሶሲና ወደ ዐብዲከሪም ስትዞር ሾፌሮቹ መብላት አቆሙ።

«አባትሽ፣ አዴር ወልዴ፣ ከፈለጉ ይምጡና ላይ ይውጡ» አለ እሱ ቀድሟት፣ በእውነትም አዝኖ። «ከሳቸው ምንም አልቀበልም። በጓሮ በር ይግቡ፣ ማንም አያያቸውም።»

«ከሕግ የሚያመልጡት ደረጃ በመውጣት ነው?»

«እንዲያ አይባልም፣ እህቴ።»

«እንዴት ነው የሚባለው? አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ዐብዲከሪም። ደረጃ አይወጡም።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «አስተናጋጆችህስ? ላይ ሻሂ የምታመላልሰው ልጅ ሳንባ የላትም?»

ዐብዲከሪም እስከ በሩ ሸኛትና «ለእማማ ሰላም በይልኝ» አላት። ከእሷ የባሰ ያፈረ ይመስል ነበር፤ ግን ማፈር ደረጃውን አይዘጋውም።

ከዚያ ወደ ጤና ተቆጣጣሪዎች ቢሮ ሄደች። ልትከስ ነበር አካሄዷ፤ የሆቴሉን ፎቅ፣ መደዳውን፣ ሁሉንም። ቢሮው ውስጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ ፋይል ከተከመረበት ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች። የሆቴሉን ነገር ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ ጥቆማውን ጻፈች፣ ቀኑን አስፍራ «እንሄዳለን» አለች፤ አባባሏ ውስጥ ግን ከዚህ በፊትም ተሂዶ እንደተመለሰ የሚሰማ ድካም አለ። ሶሲና ስለ ቤቱ ጠየቀቻት። መኝታ ቤት ውስጥ፣ የታመመ ሰው ባለበት፣ መስኮት ተዘግቶ የሚያጨስ ሰው በሕጉ ምን ይባላል?

«ቤታችሁ ነው?» አለች ወጣቷ።

«ቤታችን ነው።»

«እንግዲህ እሱ ላይ ምንም የለንም። የሥራ ቦታ፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ ታክሲ... የእኛ እዚያ ድረስ ነው። የመኖሪያ ቤት በር ላይ እንቆማለን።» ያልተጠየቀችውንም ጨመረች። «የእኔም አባት ያጨሳል። እኔ ቤቴ ስገባ መታወቂያዬ አይሠራም።»

ሶሲና አመስግናት ወጣች። ነፋሱ አቧራውን ከመንገዱ ላይ አንስቶ ፊቷ ላይ በተነው፤ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አሰረች። ሕጉ በር ላይ ከቆመ ከበሩ ወዲህ ያለችው እሷ ናት። ወደ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ካለ የብረታ ብረት ሱቅ አንድ ቁልፍ ገዛች፤ ሻጩ ለመጋዘን ነው ወይ ሲላት ለመኝታ ቤት ነው አለችው።

ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ወደ አስፓልት በሚያወጣው የኮብልስቶን መንገድ ላይ ነው። መኝታ ቤቱን ስትከፍት ያ ሽታ ተቀበላት፤ ጣፋጭ ኡንሲና መራራ ትንባሆ፣ አንዱ ሌላውን ሊሸፍን ሲሞክር የሚፈጠር ሦስተኛ ሽታ። የአባቷ ወንበር መስኮቱ ሥር ነው። ባለክንድ፣ ከባድ፣ ከጉምሩክ ቤት ጨረታ የተገዛ ወንበር፤ ክንዱ ላይ የሲጋር ቃጠሎ አለበት። ከአልጋው የሚርቀው አንድ እርምጃ ነው። መጋረጃውን አወረደች፣ አልጋውን ገለበጠች፣ ግድግዳውን በሳሙና ስታጥበው ውኃው ቡናማ ሆኖ ወረደ። መስኮቱን ልትከፍት ስትል እንቢ አላት። ዝቅ ብላ ስታይ የመስኮቱ ክፍተት ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ሰፊው፣ ነጩ የቁስል ፕላስተር ነው። ተስተካክሎ፣ ማዕዘኑ ላይ በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ። አባቷ በመቀስ ቀጥ አድርገው መቁረጥ አይችሉም። ይህ የእናቷ እጅ ነው። እናቷ በሚታፈኑበት ክፍል ውስጥ የገዛ እጃቸው አየሩን ዘግቶታል፤ የባላቸው ስም እንዳይጠፋ። ሶሲና ፕላስተሩን በጥፍሯ እየላጠች መሬት ላይ ጣለችው። መስኮቱ ሲከፈት ነፋሱ ክፍሉን ሞላው፣ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ ላይ ጣለው፤ እንደወደቀ ተወችው። ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ ጠብቃ ወንበሩን ጎትታ ከክፍሉ አወጣች፣ በሳሎኑ አሳልፋ፣ በግቢው በኩል ከውጭው በር ወጥታ፣ መንገዱ ዳር አጥሩን አስደግፋ አስቀመጠችው። ክፍሉን ቆለፈች።

አቶ ወልደሥላሴ ዘጠኝ ሰዓት ሲል መጡ። ወንበራቸውን መንገድ ላይ ሲያዩት ሌባ የገባ መስሏቸው እየተጣደፉ ነበር የገቡት። በመኝታ ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አይተው ልጃቸውን ተመለከቱ፤ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ እርጥብ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእማዬ ክፍል ነው፣ አባባ።»

«ቁልፉን አምጪ።»

«አልሰጥም።»

«ይሄ ቤት የእኔ ነው!»

«ነው። ሳንባው ግን የእማዬ ነው።»

አቶ ወልደሥላሴ ሳሎኑ ውስጥ ቆሙ። እጃቸው ሳያውቁት የደረት ኪሳቸውን ነካ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። «እኔ የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ። መንገድ ላይ አስቀምጠሽ እንደ በርበሬ ልታሰጪኝ ነው? ጸሐፊያችን ናሁሰናይ በዚህ መንገድ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ነገ ምን ይሉኛል?»

«ምን እንደሚሉ አላውቅም። ላጭስ ካሉ ያጭሱ፣ አልከለክልዎትም። ቤት ውስጥ ግን አይሆንም። እማዬ ዛሬ ለሐኪም ዋሸች። ለእርስዎ ብላ። ሐኪሙም አምኗት በኡንሲው ፈረደ።»

«እኔ ዋሺ አላልኳትም።»

«ራስዎን ነቀነቁ እኮ፣ አባባ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ነቀነቁ።»

 ከግቢው ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ።  «እሷ አንድ ቀን ተናግራኝ አታውቅም» አሉ አቶ ወልደሥላሴ፤ ሰበብ ይሁን ጥያቄ አልተለየም። ሶሲና የመስኮቱን ፕላስተር ከቆሻሻ መያዣው ውስጥ አንስታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊታቸው አስቀመጠችውና ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ሐኪሙ የመውጫ ወረቀቱን ሲፈርም ሶሲና አልጋው አጠገብ ቆመች። እናቷ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ጫማቸውን አድርገው ዝግጁ ናቸው። ሶሲና ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«ዶክተር፣ ጠዋት የተነገረዎት ልክ አይደለም። አባቴ ያጨሳሉ። ሲጋር። እናቴ በሚተኙበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ከአዋጁ ወዲህ።»

ሐኪሙ ወይዘሮ ቀለመወርቅን አየ። ወይዘሮ ቀለመወርቅ ግድግዳውን አዩ።  ሐኪሙ ጠዋት የጻፈውን ሰርዞ ከጎኑ አዲስ መስመር ጻፈ። «ኡንሲውም መቆም አለበት፤ ግን ኡንሲ ብቻ እንዲህ አያደርግም ብዬ ነበር» አለ፤ ብሎ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አላረመውም።

ባጃጁ ውስጥ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጎኑ ፕላስቲክ በነፋሱ ይርገበገባል። ሾፌሩ ከደገሀቡር መንገድ ስለሚመጣው አቧራ ብዙ አወራ፤ መልስ ሲያጣ ሙዚቃ ከፈተ። ወይዘሮ ቀለመወርቅ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ፊት ለፊት ያያሉ።

«ማን ንገሪ አለሽ?» አሉ ገበያውን ሲያልፉ።

«ማንም።»

 ሶሲና የእናቷን ትንፋሽ እያዳመጠች ሄደች፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ያፏጫል። ቢቆጧትም፣ ወር ሙሉ ባያናግሯትም ግድ የላትም። ይህ ትንፋሽ ይግባና ይውጣ እንጂ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ሲታጠፉ ወንበሩን አየችው። ሰው አለበት። አቶ ወልደሥላሴ የኮታቸውን ኮሌታ ወደ ላይ አቁመው፣ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው፣ መንገዱ ዳር ተቀምጠዋል። በቀኝ እጃቸው ሲጋሩን በመዳፋቸው ከልለው ይዘዋል። ነፋሱ ግን መዳፍ አይከለክለውም፤ አንዱን ጎን በልቶ ሌላውን ጥሬ ትቶታል። ባጃጁ ሳይደርስ ከላይ በኩል የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ናሁሰናይ፣ ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ ይዞ ወረደ። የአቶ ወልደሥላሴ እጅ ወደ ኮታቸው ሥር ሊሄድ ጀምሮ ሲመለስ ሶሲና ከሩቅ አየችው። ናሁሰናይ ቆመ።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ወልደሥላሴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ?»

ናሁሰናይ ሲጋሩን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ «ነፋስ ነው ዛሬ» አለና መንገዱን ቀጠለ። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ተመለከተ።

ባጃጁ አጥሩ ሥር ቆመ። ሶሲና እናቷን ደግፋ አወረደች። ወይዘሮ ቀለመወርቅ ቀጥ ብለው ለመቆም ትንሽ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ከዚያ ባላቸውን አዩ። ወንበሩን፣ ኮሌታውን፣ እንባ ያቀረረውን ዓይናቸውን፣ በግማሽ የተበላውን ሲጋር፣ መንገደኛውን፣ በየአጥሩ ላይ ብቅ ያለውን የጎረቤት ራስ ሁሉ አዩ። አቶ ወልደሥላሴ ሊነሱ ሲሉ በእጃቸው ምልክት ከለከሏቸው።

«ነፋሱ አያስቸግርህም?» አሉ።

«ያስቸግራል።»

«ጥሩ» አሉ ወይዘሮ ቀለመወርቅ። የልጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ።